አስናቀው ከራሱ ዜማ ጋር ሲሽቀዳደም

መካነ ሰላም ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ለማሲንቆ መጀመሪያ የሚጠራው አስናቀውን ነበር። ጥቅምት ላይ ከወግዲ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠና የግራ እጁ ከአንጓው ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረለት፤ አጥንቱም ገጠመ። ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉት።

ጥር ሲቃረብ ከደጎሎ ለሠርግ ጠሩት። እሺ ካለ በኋላ ማሲንቆውን ያወርዳል፣ ይቃኛል፣ ሳይጫወት መልሶ ይሰቅለዋል። ጣቱ ሲዘገይ መስማት ፈራ።

ጭንቀቱን ያየችው የእህቱ ልጅ እፀገነት ናት። ስልክ ትጠግናለች። አንድ ቀን ሱቋ ቁጭ አድርጋ የስልክ ጨዋታ አሳየችው። ዘፈን ሲጫንበት በምቱ ልክ ከላይ ነጥብ ይወርዳል፤ ነጥቡ መስመሩ ላይ ሲደርስ መንካት ነው። በጊዜው የነካ አረንጓዴ፣ የዘገየ ቀይ ይበራለታል።

«የጫንኩት አምና ሠርግ ላይ የቀዳሁትን የራስዎን ዜማ ነው፣ ጋሼ። በግራዎ ጣቶች በየተራ ይሞክሩት።»

ነካ፤ ቀይ። ደገመ፤ ቀይ። እስከ መጨረሻው አንድም አረንጓዴ አላየም።

«በቃ፣ አበቃልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

እፀገነት ስልኩን ተቀብላ ራሷ ሞከረች። የእሷም ቀይ ሆነ። ግራ ገብቷት ዞር ስትል የስልኩ ድምፅ የሚወጣበትን፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ገመድ አልባ ድምፅ ማጉያ አየች።

«ድምፁ ነው ዘግይቶ የሚደርሰው። እርስዎ አይደሉም» አለችና አጠፋችው።

አሁን አረንጓዴው በዛ። ቀይ የሚበራው የቀለበት ጣቱ ተራ ሲደርስ ብቻ ነበር። አስናቀው ግን አላመነም፤ ስልክ መንካት ሌላ፣ የማሲንቆ ጭራ መንካት ሌላ። በማግስቱ ማሲንቆውን ይዞ መጣ። የስልኩን ድምፅ አጥፍታ ነጥቦቹን ብቻ ለቀቀችለት፤ እሱም እነሱን እያየ ተጫወተ። ያቺ ጣት የምትዘገይበትን ቦታ በመሃል ጣቱ ይይዝ ጀመር። ሁለት ሳምንት ተመላለሰ።

ደጎሎ ላይ መጫወት ጀመረ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያቺው ጣት ሳተች። ክው አለ፤ ድምፁን አስረዝሞ ሸፈናት። የሙሽራው እናት እስክስታቸውን አላቋረጡም፤ ቀና ብሎ ያየውም የለም። እስኪመሽ ግን ዓይኑ ከእጁ አልተነቀለም።

የቀለበት ጣቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ሠርግ በተጠራ ቁጥር ማሲንቆውን ይዞ እፀገነት ሱቅ ይመጣል፤ እሱ ነጥቦቹን ጨርሶ እስኪነሳ ደንበኞች በር ላይ ይጠብቃሉ።