እህቴ የላከችልኝ ጥቅል

እሑድ ዕለት ታናሽ እህቴ ጎሮ አዲስ ባሠራችው ቤቷ ጠርታኝ፣ «እትዬ፣ ይሄ ብሮውዘር አርጅቷል» ብላ ስልኬ ላይ የለመድኩትን የኢንተርኔት መክፈቻ አጥፍታ ሌላ ጫነችልኝ። የኢንተርኔት ጥቅልም በስጦታ ላከችልኝ።

ማክሰኞ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የልጄ የውጭ ትምህርት ማመልከቻ ይዘጋል። የማመልከቻው ገጽ አልከፈት አለ፤ እህቴ የለጠፈቻቸው የቤቷ ፎቶዎች ግን ወዲያው ይከፈታሉ። ጥፋቱ የአዲሱ ብሮውዘር መስሎኝ ስነካካው ቆየሁ። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ደወልኩላት።

«ምን ዓይነት ጥቅል ነው የላክሽልኝ?»

«የሶሻል ሚዲያ ብቻ ነዋ። አንቺ ደግሞ ሌላ ምን ታዪበታለሽ?»

ሌላ ጥቅል ገዝቼ ስገባ ማመልከቻው ተዘግቷል።

እህቴ ዛሬም በየበዓሉ ጥቅል ትልክልኛለች። አመሰግናታለሁ፤ አልጠቀምበትም።