ዶክተሯን ልሸኝ ሄጄ ከፍየል ጋር የተመለስኩበት ቀን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ፍየል በጫነ ኢሱዙ ላይ ቆሜ ሰቆጣ ገባሁ... የመናኸሪያው የባጃጅ ልጆች በሙሉ ያውቁኛል። ሁልጊዜ የሚያዩኝ በነጭ ላንድክሩዘር መስኮት ዘግቼ ሳልፍ ነው። ትናንት ግን አንድ ቀንዳም ፍየል የጃኬቴን እጅጌ እያኘከ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የምሠራው በአንድ ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅት የሰቆጣ ቢሮ ነው፤ የመኪና ስምሪት የእኔ ኃላፊነት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት «የካርቦን ልቀታችሁን ቀንሱ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቄ ነው የመጣው። የዋግ ኽምራ መኪና ስንት ሆኖ ነው ዓለምን የሚያሞቀው?

አለቃችን ዶክተር አልማዝ ግን አልሳቁም። ጄኔሬተሩን አስጠፍተው የክትባት ፍሪጁን በሶላር አደረጉት። አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን የምንሄድበት ስብሰባ በስልክ ሆነ። መኪና ደግሞ ባዶ ወንበር ይዞ ከግቢ አይወጣም ተባለ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሥራ ማጉረምረም ሆነ።

ትናንት ጠዋት እዚሁ ዋግ ኽምራ ላለው የዝቋላ ጤና ጣቢያ ክትባት መድረስ ነበረበት። የሚወስደው ሰው ስለጠፋ ዶክተር ራሳቸው ሊሄዱ ተነሱ። መኪና ላዘጋጅ ስል «ለአንድ ሰውና ለአንድ ሳጥን?» አሉና፣ ፍየል ሊጭን ባዶውን ወደ ዝቋላ የሚወርድ ኢሱዙ ጋቢና ገቡ። በረዶ ያለበትን የክትባት ሳጥን ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ... ሆዴ እምቢ አለኝ። አለቃ፣ ያውም እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ በጭነት መኪና ሲሄዱ የሚሸኛቸው ይጥፋ? እኛ ዘንድ እኮ ቤት የመጣ እንግዳ እንኳ ሳይሸኝ አይለቀቅም። ሰው ምን ይለኛል? ሾፌራችንን ኪዳኔን ጠራሁና በላንድክሩዘሩ ከኋላ ከኋላ ተከተልናቸው። እሱና እኔ ብቻ፣ በባዶ መኪና፣ የኢሱዙውን አቧራ እየበላን።

ስንደርስ ዶክተር ክትባቱን አስረክበው ጤና ጣቢያው በር ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር ተቀምጠዋል። እማማ ለምለም ይባላሉ። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየዞረ ሲወጋቸው ኖሮ አንዱ ዓይን ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየሄደ ነው። ሰቆጣ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና የመጡት የዓይን ሐኪሞች ደግሞ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። እማማ በእግር አይችሉትም። ለካ ዶክተር የጋቢናውን ቦታ ለሳቸው ሰጥተው፣ ራሳቸው ከፍየሎቹ ጋር ሊጫኑ ከኢሱዙው ሾፌር ጋር ተስማምተዋል።

እኔ ይህን ሳላውቅ የላንድክሩዘሩን በር በኩራት ከፈትኩላቸው።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

«ምንም... እርስዎን ልሸኝ ነው።»

ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ዞረው፣ ለዓይን ሕክምና ተጽፎላቸው መሄጃ ያጡ ሌሎች ሰዎች ካሉ ይጠሩ አሉ። ነበሩ። እማማ ለምለምና ልጃቸው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ገቡ፤ መኪናው ጢም ሲል የተረፉት ሁለቱ የኢሱዙው ጋቢና ገቡ። ለእርስዎስ ቦታ አልቀረም ብዬ ስጨነቅ ወደ ኢሱዙው የጭነት ቦታ አመለከቱኝ።

«እኔ ቦታ አለኝ። ለአንተም አይጠፋም።»

እንዲህ ሆኖ ኪዳኔ ሕመምተኞቹን ይዞ ቀደመ፤ እኛ ከፍየሎቹ መሀል ቆምን። ዳገቱን ስንጀምር ተቆጥተውብኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መንገድ ዳር ውኃ አጥቶ የቀጨጨውን ማሽላ እያዩ ነበር።

«ዝናብ ሲቀር የሚራቡትም የሚታመሙትም እነዚህ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «መኪና እንኳ የላቸውም፤ ጭሱ የእኛ ነው። ታዲያ እኛው አሳማሚ፣ እኛው አካሚ ልንሆን ነው?»

ቀጥለውም፣ ዛሬ ጥፋትህ ጠቅሞናል፣ ከእንግዲህ ግን መኪና ከመነሳቱ በፊት ደውለህ መጓጓዣ ያጣ ማን እንዳለ ጠይቅ አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን የካርቦን ትእዛዝ ያወጣው ፈረንጅ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ በሥራ ያዋለውን ሰው ግን በዓይኔ አየሁ። ዶክተር ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ጠቅልለው፣ አንዲት ግልገል እግራቸው ላይ ተደግፋባቸው፣ የሰቆጣን ዳገት ቆመው ወጡ። ከልቤ ኮራሁባቸው።

ዛሬ ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። እማማ ለምለም ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላቸው ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ሐኪሙ የቀረው ዓይን ተርፏል ብሏል። አጠገባቸው ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ገና ቃል አልተነፈስኩም።

«ልጄ» አሉኝ እጃቸውን እየዘረጉ፣ «ከፍየሎቹ ጋር የመጣኸው ነህ አይደል?»

ጠዋት በሳሙና ፈትጌ ነው የታጠብኩት... ጭሴን ቀንሻለሁ፤ ሽታዬ ግን ገና ነው።