የሪያድ መግሪብ

ሃያ ሴቶች ሰዓቱ ሳይደርስ አብረው ቢያፈጥሩ፣ ጥፋቱ ለሃያ ይካፈላል ወይስ በሃያ ይባዛል? ክፍልፋይን በሠላሳ አራት ዓመቴ ከገዛ ልጄ እኩል ተምሬያለሁ፤ ይህን ስሌት ግን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

መካነ ሰላም ውስጥ የሰፈራችን ሴቶች በረመዳን ተራ ገብተን፣ በየሰው ቤት እየዞርን አብረን እናፈጥራለን። የዚያን ዕለት ተራው የጎረቤቴ ነበር። ከስምንት ዓመት የሳዑዲ ሥራ በኋላ ገና መመለሷ ነው። ሁሉም እንደ እንግዳ ያያት ስለነበር፣ እንደገና የሰፈር ልጅ ለመሆን ስትል ከጠዋት ጀምራ ሳምቡሳ ስትጠቀልል ዋለች።

የበልግ ጉም ከተማውን ውጦ ቤቱን አጨልሞታል። መብራት ስለጠፋ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ዝም ብሏል።

"አታስቡ!" አለች ጎረቤቴ፣ ስልኳን ከትሪው አጠገብ አቁማ። "ይሄ ራሱ አዛን ይላል።"

የጀመዓችን ታላቅ የሆኑት እናት ስልኩን በጥርጣሬ አዩት። "ደግሞ ጾም በስልክ ሊፈታ ነው?"

"ከእርስዎ አውራ ዶሮ ይሻላል፣ እትዬ። እሱ ሲያሻው ነው የሚጮኸው።"

ገና ስቀን ሳንጨርስ ስልኩ አዛን አለ።

እኔ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ የማልጥል ሴት ነኝ። ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ከሰዓቱ በላይ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል "ሪያድ" ይላል። ሪያድ ላይ ፀሐይ ከእኛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድማ እንደምትገባ፣ መግሪብም ቀድሞ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ጂኦግራፊ እወድ ነበር። "ቆዩ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ተምሩ ጣቶቼ መሀል ነው፤ እሷም ፊቷ እንደ ሙሽራ እያበራ "ብሉ፣ ብሉልኝ!" ትላለች። ሃያ እጅ ወደ ሃያ አፍ ሄደ። የእኔም።

ሁለተኛ ሳምቡሳ ስናነሳ ጉሙ ተገለጠ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ትሪው ላይ ቁጭ አለች።

"ያ አላህ! ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" አሉ እትዬ፣ አፋቸው እንደሞላ።

ስልኳ አሁንም የሪያድን ሰዓት እንደሚቆጥር ያየችው ባለተራዋ ጎረቤቴ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ሴቶቹ ግን ጥፋቱን ይሻሙ ጀመር። አንዷ "ወጥቼ ሰማዩን ማየት ነበረብኝ" ስትል፣ ሌላዋ "ቶሎ ቶሎ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይሄ ሆዴ!" አለች። እትዬ ነገሩን ቆረጡት፦ "የበላነው ሁላችንም ነን። ቀዷውን፣ የዛሬን ምትክ፣ በአንድ ቀን አብረን እንጾማለን፤ ማንም ማንንም አይወቅስ።"

እኔ ብቻ ድርሻዬን ለመናገር አፍ አጣሁ።

ከዒድ በኋላ አብረን ጾምን፤ እንደዚያ የሳቅንበት ጾም አላስታውስም። ፌዙ ግን እሷ ላይ ቀረ። ገበያ መሀል ሳይቀር "የሪያድ መግሪብ ደረሰ ወይ?" ይሏታል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። በተከታዩ ረመዳን ተራዋን ለሌላ ሰጠች። "የእኔ ቤት ይቅር፤ የሰው ጾም አበላሻለሁ" አለች። ያን ስሰማ እንቅልፍ ራቀኝ።

የዚያ ዓመት ዒድ ካለፈ በኋላ፣ ቀዷ ባይኖርብንም ያ ቀን ስለጣመን በፈቃድ ከሚጾመው የሸዋል ወር ጾም አንዱን ቀን አብረን ያዝን፤ ማፍጠሪያው እኔ ቤት ሆነ። ጓዳ ውስጥ እኔና ጎረቤቴ ብቻ ሽንኩርት እየከተፍን ነበር፤ እኔ እንደ ልማዴ እኩል እኩል።

"ሪያድ የሚለውን አንብቤው ነበር" አልኳት።

"መቼ?"

"ከመብላታችን በፊት።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "አንቺ? ዓመት ሙሉ ሲያላግጡብኝ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ?"

"አዎ። ደስታሽን ማቋረጥ ፈራሁ። ተምሩም በእጄ ነበር።"

ስድቧን ጠበቅሁ፤ ይገባኝ ነበር። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መሰለኝ። ሳቅ ነበር፤ ከጥርሷ ያለፈ።

"ሽንኩርት እንኳ እኩል ካልሆነ የማይዋጥላት ሴት በአንድ ተምር ተሸነፈች!" ብላ ወደ ሳሎን ሮጠች። "ጀመዓ! ጉድ ስሙ!"

ሁሉም ሰማ። ጫጫታው ሲበርድ እትዬ ፈረዱ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት አንባቢያችን አንቺ ነሽ። ጮክ ብለሽ፤ ከተማውን አስቀድመሽ።"

"የሚቀጥለው ረመዳን የመጀመሪያ ቀን ግን የእኔ ቤት ነው!" አለች ጎረቤቴ።

ሲመሻሽ ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠች። አዛን ሲል ሃያ ሴቶች ተምራቸውን ይዘው አፍ አፌን አዩኝ።

"ደሴ ይላል" አልኩ ጮክ ብዬ። "እኛ ከደሴ በስተ ምዕራብ ነን፤ አራት ደቂቃ እንቆይ።"

ቤቱ በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ነበረች።

"ወላሂ፣ ዝም ስትል ትሻለን ነበር!"