ጨው የሳበው ውሃ

በዳንግላ ገበያ ያለምወርቅን የማያውቅ ሌጦ ሻጭ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው የበግና የፍየል ሌጦ እየገዛች፣ ጨው እያሸች በመሸጥ ነው። በዚያ በማያባራው ክረምት የሌላው ሌጦ ሲበላሽ የእሷ አይበላሽም።

አምና ግን ሳሉ ጸናባት። አክታዋ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ትንፋሿን ይይዘው ጀመር፤ ከገበያ ቤቷ የምትደርሰው አጥር እየተደገፈች ሆነ። ሆስፒታል ስትሄድ ሐኪሙ የሳንባዋ ቧንቧዎች ሰፍተው አክታ ማቆራቸውን ነገራት። ካልወጣም ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ሳንባዋን እንደሚጨርሰው አልደበቃትም።

የሆስፒታሉ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ጢሞቲዎስ መድኃኒት የሚሳብበት ጭምብል ይዞ መጣ።

"ምኑን ነው የምስበው?"

"ጨዋማ ውሃ ነው፣ እትዬ። እንደ ጭጋግ ሆኖ ይገባል።"

ጭምብሉን ገፋችው። "አንተ ልጅ፣ ጨው ምን እንደሚያደርግ ለእኔ ትነግረኛለህ? እርጥብ ሌጦ የሚያደርቅ ነገር ሳንባዬ ውስጥ ልትከት?"

ልትጠይቃት የመጣችው የገበያ ጎረቤቷ ማናየሽ "እንደ ሌጦ አድርቆ ወንበር ሊያለብስብሽ ነዋ!" ብላ ሳቀች።

ጢሞቲዎስም ስቆ አጠገቧ ተቀመጠ። "እስቲ ይንገሩኝ፤ ጨው ሲነሰነስበት የሌጦው ውሃ የት ይሄዳል?"

"ወደ ጨው ይወጣል እንጂ! በማግስቱ ወለሉን ረጥቦ ነው የማገኘው።"

"የሳንባዎ ቧንቧም ውስጡ በሴሎች የተለበጠ ነው። የሴሎቹ ሽፋን ውሃ ያሳልፋል፤ ጨው ግን እንደ ውሃው በቀላሉ አያልፍም። ጭጋጉ አክታው ላይ ሲያርፍ ውሃው ከሴሎቹ ጨው ወደበዛበት ይሻገራል። ኦስሞሲስ ይሉታል። እርስዎ ዘንድ የሚረጥበው ወለል እዚህ አክታው ነው፤ ሲረጥብ ቀጥኖ ይወጣል።"

"ሳንባዬስ አይደርቅም?"

"ሌጦ ከበጉ ተለይቷል፤ የሄደበትን ውሃ የሚተካለት የለም። የእርስዎን ሴሎች ግን ደምዎ ያጠጣቸዋል።"

ያለምወርቅ ያንን እርጥብ ወለል ስንት ዓመት ስትወለውል ኖራለች። ያው ሕግ በገዛ ደረቷ ውስጥም ተሠርቶ ኖሯል! ፈጣሪ አንዱን ጥበብ የት የት እንደሚያውለው እያሰበች አማተበች።

"በል አምጣው።"

አስቀድሞ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ሰጣት፤ ከዚያ ጭጋጉን። አሳላት፤ እንባዋ ወረደ፤ ጭምብሉን ግን አላወለቀችም። ጥቂት ቆይቶ ያ የማይላቀቅ አክታ ቀጥኖ ይወጣ ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ አየር እስከ ደረቷ ሥር ወረደላት።

በሽታው አልለቀቃትም፤ አብሯት ይኖራል። እሷም ከሆስፒታሉ የሚሰጣትን ጨዋማ ውሃ በየማለዳው ስባ፣ አጥር ሳትደገፍ ገበያ ትወጣለች።

"አንቺ፣ ደረቅሽ እንዴ?" ትላታለች ማናየሽ ከሽንኩርቷ ማዶ።

"ወለሉ ረጥቧል፤ ተመስገን" ትላለች ያለምወርቅ፣ ጨውዋን እየዘገነች።