ጡሩምባው ለወንዙ የተነፋ ዕለት

መጀመሪያ የመጣብኝ ራስ ምታት ነበር። በርበሬ በረንዳ ለሚውል ሰው ራስ ምታት በሽታ አይባልም፤ በርበሬው ሲወቀጥ ማን ጤና አለው? ሻሼን አጥብቄ አስሬ ዳጣዬን መሸጥ ቀጠልኩ። ጊዜው የደርግ ነው። ኩሊዎቹ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት የፈጨሁትን ዳጣ እቀባላቸዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመረኝ። ምግብ አስጠላኝ። መቆም አቃተኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ዊዳል የሚባለውን የደም ምርመራ አደረጉልኝ።

“ታይፎይድ ነው” አለ ሐኪሙ። ክሎራምፌኒኮል የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። “ውሃ ከየት ነው የምትጠጪው?”

“ከቦኖ ነው ዶክተር።”

እውነቴን ነው። ያልጠየቀኝን ግን አልነገርኩትም። የቦኖው ወረፋ ስለሚያንገሸግሸኝ ቃሪያዬን የማጥበው ከሰፈራችን በታች ባለው ወንዝ ነበር። የላይኛው ሰፈር ሽንት ቤት የሚለቀቀው፣ የቆዳ እጣቢው የሚደፋው እዚያው ነው። ግን “ወራጅ ውሃ አይረክስም” እንል ነበር ሁላችንም፤ በእርድ ሥጋ የማንስማማው ክርስቲያንና እስላም በዚህ አንለያይም። ደግሞስ ወሬው ከወጣ ማን ከእኔ ይገዛል? የዳጣውን ማሰሮ ጠርጥሬው ነበር። አልደፋሁትም።

በሳምንቱ ልጄ የሺ “ራሴን” አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ተኝቼ ሳለ ዳቦዋን በዳጣው በልታለች። ሆስፒታል ተኛች። ሆዷ ተነፋ። እኔን አላወቀችኝም።

“አንጀቷ እንዳይበሳ ነው የምንፈራው” አለ ሐኪሙ።

ያን ቀን ለእትዬ ዘሃራ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። “ማሰሮውን ድፊ፤ የቀረውን ለእድሩ ተይው” ብለውኝ ወደ እድሩ ሰዎች ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጡሩምባ ተነፋ። እኔ ገና ስላልጠናሁ ሆስፒታል ያደረችው እህቴ ናት። የእድራችን ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የሺ ናት አልኩ። በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ከዚያ የጡሩምባ ነፊው የጋሼ ወልዴ ድምፅ መጣ፦ “የሞተ የለም! ሁላችሁም ወንዝ ዳር ውጡ! የቀረ ይቀጣል!”

ያኔ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ተሰብስቦ መነጋገር ያስጠረጥራል። ለቅሶ መቀመጥን ግን የሚከለክል የለም። የእድሩ ሰዎች የለቅሶውን ድንኳን ወንዙ ዳር ተከሉ፤ አግዳሚ ወንበር ደረደሩ። በየተራ እየተቀመጡም አትክልት ሊያጥብ የመጣውን ወደ ቦኖ፣ ቆሻሻ ሊደፋ የመጣውን ወደ መጣበት መለሱ። አብዮት ጠባቂዎች ደርሰው “ማን ሞቶ ነው?” ቢሉ ጋሼ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው “ገና ማንም። እንዳይሞት ነው የተቀመጥነው” አሏቸው። የጠባቂዎቹ አለቃ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱ ከተቀመጡት መሐል ነበሩ። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

የሺን ትኩሳቱ በሁለተኛው ሳምንት ለቀቃት። ፀጉሯ ረግፎ፣ እግሯ ከስቶ፣ ግድግዳ እየያዘች እንደ ሕፃን እንደገና መራመድ ተማረች፤ እኔም ሾርባ ሳበላት ከእሷ የተረፈውን እየቀመስኩ ቀስ በቀስ አገገምኩ። ተራዬ ሲደርስ በጋቢ ጠቅልያት ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ከደንበኞቼ አንዱ ኩሊ በዚያ ሲያልፍ ጠርቼ ጥፋቴን ነገርኩት። ሰማኝና “ጓደኛችን ሆዱን ታሞ አገሩ ገብቷል” አለኝ። የጓደኛውን ስም እንኳ አላውቅም፤ ዳጣ ስጨምርለት “ዕድሜ ይስጥሽ” የሚለኝ ነው። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እትዬ ዘሃራን፣ ጋሼ ወልዴን፣ ሰው ሳይሞትብኝ የደረሰልኝን እድር አመሰግናለሁ። ይህ በሽታ ቤታችሁ የገባ ሁሉ፣ ተሻለኝ ብላችሁ ክኒኑን አታቋርጡ። ውሃ አፍሉ። ጥሬውን የሚበላ ነገር በምን እንደታጠበ ጠይቁ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሳችሁ አትውጡ። እኔ አፍሬ ግማሹን ዋጥኩት። ትኩሳቱ ልጄን ሲለቅ የግራ ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ዛሬ እሷም ወልዳለች፤ ስጠራት ግን አሁንም በቀኟ በኩል ዞሬ ነው።