የደረሰኝ መዝሙር

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ጋቢ መጭመቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጋቢ ውኃ ከጠጣ ለአንድ ሰው አይቻልም፤ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን በየፊናችን እንጠመዝዘው ጀመር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ውኃው እንዳይረጨው ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ «ኧረ ቀስ በይ! እኔንም አብረሽ ልታሰጪኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ገመድ ላይ አሰጣነው። እጁን በሱሪው ጠረገና ምላጭ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ወደ ፒያሳ ወጣ።

አልተመለሰም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አብዮት ጠባቂዎች ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ሲጭኑት ያየ ሰው ነገረኝ። ማክሰኞ ቀበሌ ጠርተው መሞቱን አረዱኝ። አስከሬኑን አልሰጡኝም፤ የት እንደተቀበረም አልነገሩኝም። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ድንኳን የለም፤ ለቅሶ የለም። ድምፅ ከተሰማ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ቤቶቻችን በጭቃ ግድግዳ የተጣበቁ ናቸው፤ የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያንገበገበኝ ለቅሶ መከልከሌ ብቻ አልነበረም። ፍትሐት አልተፈታለትም። ዳዊት የደገመለት ሰው የለም። እንዲሁ ጥለውታል። እግዚአብሔርስ ተቀብሎት ይሆን? ይህን ማንን ልጠይቅ? ልጸልይ ስል ጥርሴ እየገጠመ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ከጓሮ የሚኖሩት ሽማግሌ መሪጌታ ወንፊት ሊዋሱ የመጡ መስለው ገቡ። ወንድ ወንፊት ሲዋስ አይቼ ስለማላውቅ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ልጄ፣ ነገ ቀን ስድስት ሰዓት የጊዮርጊስ የቅዳሴ ደወል ሲደወል ጀምሪ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ዳዊቱን አከፋፍዬዋለሁ። መቶ ሃምሳውም ለየቤቱ ደርሷል። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ባንድ ጊዜ ይደግምለታል። ለአንቺ የደረሰሽ መቶ ሃያኛው ነው።»

«አባቴ፣ እኔ አሁን መጸለይ አልችልም።»

«ቻይ አልኩሽ? አንብቢ ነው ያልኩሽ» ብለው ወንፊቱን ይዘው ወጡ።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ ስትነጫነጭባቸው ሰማኋት። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ በልጅነቷ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመች ሴት ናት። «ለሰው ሁሉ አጭር አጭሩን፣ ለእኔ ይሄን መቶ አሥራ ስምንተኛ? መሪጌታ፣ ምን በደልኩዎ?»

«ለእሱ የሚበቃ ምላስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት።

ሐሙስ ደወሉ ተደወለ። ዐቢይ ጾም ነበር። ዳዊቱን ገለጥኩ። የእኔ መዝሙር አጭር ነው፤ ዓይኑን ወደ ተራራ ያነሣ ሰው ረዳቱ ከወዴት እንደሚመጣ ይናገራል፤ ጠባቂው እንደማያንቀላፋ፣ መውጣትንም መግባትንም እንደሚጠብቅ ይናገራል። በደረቁ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ። መውጣቱንማ አይቻለሁ፤ መግባቱ የታለ? ምላጭ ሊገዛ የወጣ ሰው አልገባም። መጽሐፉን ልዘጋ ነበር።

ዝም ስል ግን ሰማሁ። በቀኝ በኩል ጎረቤቴ በሽንኩርት መሸጫ ድምፅዋ እየተጣደፈች ትደግማለች። በግራ አንድ ወንድ ቃል እየለቀመ ያነባል። ከጓሮ መሪጌታው በዜማ ያዘግማሉ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የማን እንደሆነ የማልለየው ድምፅ፣ ከእሱም ወዲያ ሌላ። እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ጭቃው ይርገበገብ ነበር።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ መንደራችን ገባ። ቀደም ሲል አብሮን ጽዋ ይጠጣ የነበረ ጎልማሳ ነው። «ማነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ጮኸ።

ጎረቤቴ በሯን ከፈተች። «ጆሮህን ጥረግ እንጂ! ማን አለቀሰ? ጾም ነው፤ ሰው ዳዊቱን ይደግማል።»

«ሁላችሁም ባንድ ጊዜ?»

«የሚርበንም ባንድ ጊዜ ነው። ሥራ ከፈታህ ና፣ ከእኔ ግማሹን ውሰድልኝ!»

የእኔ በር ፊት ለፊት ቆሞ ረጅም ጊዜ ሲያዳምጥ በስንጥቁ አየሁት። በኋላ፣ «ድምፅ ቀንሱ» ብሎ ሄደ። የቀነሰ አልነበረም።

መዝሙሬን እንደገና ጀመርኩ። እያነበብኩ እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ገጹ ሲረጥብ ነው። መግባት የሚለው ላይ ስደርስ አልቆምኩም። እስከዚያ ሰዓት መግቢያውን የእኔን በር ብቻ አድርጌ ይዤው ነበር። ሊቀመንበሩ አስከሬኑን ሸሸገው፤ እግዚአብሔር ግን መቶ ሃምሳውን መዝሙር በየጭቃ ቤቱ አስቀምጦ ሲጠብቀው ነበር። ያለ ጸሎት የሄደ መስሎኝ የነበረው ሰው ሰፈር ሙሉ ሰው ሸኘው። ሌላው ቀርቶ እኔ፣ ጥርሴ የገጠመው፣ አለሁበት። ተቀብሎታል ወይ ብዬ ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቄ አላውቅም። ከማክሰኞ ጀምሮ ያልቀመስኩትን ምግብ ያን ቀን ማታ ቀመስኩ።

ሐዘኔ አልቀረም፤ ይህንንም የምጽፈው እያረፍኩ ነው፣ በቀን አንድ ገጽ አይሞላልኝም። መሪጌታው ካረፉ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ዳዊቱን ለየቤቱ የማከፋፍለው እኔ ነኝ።