ሊቀመንበሩ በእግሩ የወጣው እሳተ ገሞራ

ወልደሰማያት ጅማ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ወንበር ይቆጥራል፤ የተሰበረውን ወንበር ደግሞ ለብቻ ይቆጥራል። ለትምህርት ከጎንደር በኩል መጥቶ እዚሁ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ጅማ ሚስት ሰጠችው፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ቤት ሰጠችው፣ ቦርጭም ሳይጠይቃት መረቀችለት። ክብር ግን ሳትሰጠው ቀረች። ወንበር ቆጣሪን ማን ያከብራል? ስለዚህ ክብሩን በእግሩ ሊያመጣው ቆረጠ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ባጃጅ አጠገቡ ቀዝቀዝ ካለ፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ ያሳልፈዋል። «እለፍ! እግር ለጌጥ አልተፈጠረም!» ይላል። የጊንጆ ባጃጅ ነጂዎች ዛሬ ዛሬ እሱን ሲያዩ አይቆሙም፤ ጥሩምባ ብቻ ነፍተው ይስቃሉ።

«የማለዳ ተጓዦች ክበብ» የተባለውንም ያቋቋመው እሱ ነው። ክበቡ ዘጠኝ አባላትና ሃያ አንድ አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አለው። አንቀጽ ሦስት «አባል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። የቀሩት ሃያ አንቀጾች ስለ ሊቀመንበሩ ናቸው። በየወሩ ከተማዋን ከከበቡት ኮረብታዎች አንዱ ላይ ይወጡና ሊቀመንበሩ ንግግር ያደርጋል። የዓለም ሕዝብ ለሁለት መደብ መከፈሉን ያስረዳል፤ እግረኛውና ባለጎማው። ባለጎማው ሰነፍ፣ ጥገኛና ታሪክ የፈረደበት ነው። ከዚያ ዳቦና ሙዝ ይበላል።

ባለፈው ክረምት የዚህ ግንባር ቀደም እግረኛ የቀኝ ጉልበት ቀጭ ማለት ጀመረ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። በስውር ቅባት ይቀባል፤ ንብረት ክፍሉ እንደ መድኃኒት ቤት ሸተተ። ሰው ሲጠይቀው «የምስጥ መድኃኒት ነው፤ ለወንበሮቹ» ይላል።

ችግሩ ጉልበቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ጥቅምት ላይ የክበቡ ምርጫ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ተፎካካሪ ተነሣበት። ሲሃም ትባላለች፤ ነርሶችን የምታስተምር፣ ንግግሯ አጭር እርምጃዋ ረጅም ሴት ናት። የምርጫውን ቦታ ደግሞ ራሱ ወልደሰማያት ገና በደህናው ዘመን ወስኖ በደንቡ አጽድቆታል፤ ከጅማ ወጣ ብሎ ከደዶ ከተማ በላይ ያለው ጋራ ኢቢዳ፣ ጫፉ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ። ኢቢዳ በኦሮምኛ እሳት ማለት ነው። ጋራው በጥንት ዘመን እሳት የተፋ ነው ይባላል። ጫፉ ላይ ትልቅ ጉድጓድ እንዳለውም ይወራል፤ ከክበቡ ግን ያየው የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሽቅብ ነው። ያን የማይወጣ ሊቀመንበር አይሆንም። ሊቀመንበርነቱ ከሄደ ደግሞ ለወልደሰማያት ምን ይቀረዋል? የተሰበሩት ወንበሮች።

እንግዲህ አባቦራን ፈልጎ አገኘው። አባቦራ የደዶ ሰው ነው። ባለው ያረጀ ላንድክሩዘር ፒካፕ ከየማሳው ቀይ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ያመላልሳል፤ ከጋራው ጀርባ የቡና መኪኖች ብቻ የሚያውቁት መንገድ አለ።

«ማንም እንዳያውቅ» አለው ወልደሰማያት፣ ዙሪያውን እያየ።

«ጋሼ፣ እቺ መኪና እኮ ስትነሣ ደዶ ሙሉ ይነቃል።»

«እሷ ትሰማ። እኔ ውስጧ መኖሬ እንዳይታወቅ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ሰርቀው ነው እንዴ?»

«ጉልበቴን... ትንሽ...»

«ሃ! እንዲያ አይሉኝም! ይተኙ፣ ጫፍ ላይ እቀሰቅስዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ እኔ መንገድ ላይ እግረኛ አይቼ አላልፍም። አባቴም አላለፈም።»

«አባትህም መኪና ነበረው?»

«በቅሎ።»

የምርጫው ዋዜማ ክበቡ ደዶ አደረ። ወልደሰማያት በእራት ላይ ብድግ ብሎ፣ «እኔ ከሁላችሁ አንድ ሰዓት ቀድሜ ብቻዬን እወጣለሁ፤ ግንባር ቀደም የሚባለው ለዚህ ነው» አለ። አጨበጨቡለት። በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ ከማደሪያው ወጣ፤ ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ታጠፈና የአባቦራ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባ።

እቅዱ ጥሩ ነበር። የጎደለው አባቦራን ማስቸኮል ነው። መጀመሪያ መኪናዋ እንቢ ብላ አርባ ደቂቃ ወሰደች። ከዚያ ቡና ለቀማ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ተጫኑ፤ ማሳቸው ጋ እስኪወርዱ፣ ከአባቦራ ጋር የዘመድ አዝማዱን ጤና በኦሮምኛ ጠያይቀው እስኪጨርሱ፣ ወልደሰማያት ጥፍሩን በላ። ደግሞ ትንሽ ሄዱና የእግር መንገዱና የመኪናው መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ትንሽ መስጊድ በር ላይ፣ አባቦራ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ?»

«የሱብሂ ሶላት ደረሰ።»

«አባቦራ፣ ጫፍ ላይ አትሰግድም? ለሰማዩም ይቀርባል!»

«ጋሼ፣ ፀሐይ ከወጣች ሰዓቱ አለፈ። እርስዎ ፀሐይዋ ሳትወጣ መድረስ ይፈልጋሉ፤ እኔም ሳትወጣ መስገድ እፈልጋለሁ። ጉዳያችን አንድ ነው፣ ሚቲ? አይደለም እንዴ?» ብሎ ወረደ።

ወልደሰማያት በጨለማው ውስጥ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ ከእግር መንገዱ በኩል የክበቡ አባላት የባትሪ መብራትና ድምፅ መጣ። አንዳንዱ ሶላት ገባ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ተዘርሮ አቃሰተ። አባቦራ ሰግዶ ሲወጣ የተዘረሩትን አየና ልማዱ ሆነ። «ኮታ! ኮታ! ኑ፣ ውጡ፣ ከኋላ ባዶ ነው!» ሲል ተጣራ። ማንም ሁለተኛ አላስጠራውም። መኪናዋ ወደ ኋላ ጎበጥ አለች።

የጋቢናው የኋላ መስኮት መስታወት የለውም፤ ፕላስቲክ ነው የተለጠፈበት። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ሕዝቡን በደንብ ሰማው።

«እኔ እግሬ እንቢ ብሎኝ እንጂ» አለ የቤተ ሙከራው ፋሂም።

«እኔ ደግሞ ለአንተ አዝኜ ነው የተሳፈርኩት» አለች የቤተ መጻሕፍቷ ጠይባ።

«ሁላችንም ነን እኮ! ሲሃም ብቻ ናት የቀረችው፤ ሶላት ላይ ናት» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገመቹ። «ከመውጣቷ በፊት እንሂድ በሏቸው። አባ! እንሂድ!»

«ወልደሰማያትስ ቢያየን?»

«እሱ ይሄኔ ጫፍ ላይ ቆሞ ንግግሩን እያሟሸ ነው። ሰውየው እግሩ የብረት ነው፣ ወላሂ።»

ሊቀመንበሩ ጋቢው ውስጥ ፈገግ አለ።

«አንደበቱም የብረት ነው» አለች ጠይባ። «ንግግሩን ደግሜ ከምሰማ ጉድጓዱ ውስጥ ብወረወር ይሻለኛል።»

ከኋላ ሳቅ ሆነ። ፈገግታው ጠፋ። መናገር አይችል፣ ማሳል አይችል። ከአባላቱ አንቀጽ ሦስትን የጣሰውን ሁሉ በስም ያውቃል፤ የሚከስበት አፍ ግን የለውም። አባቦራ ጎን ለጎን እያየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በሳቅ።

ጫፉ ላይ ሊደርሱ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀር የጥቅምት ጭቃ ላንድክሩዘሯን እስከ አክስል ዋጣት። አባቦራ ማርሽ ቀያየረ፣ ነዳ፣ ሰደበ፣ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ በሩን ከፈተ።

«ሁሉም ይውረድ! የሚገፋ ሁሉ! ጋሼ፣ እርስዎም!»

«እኔ እኮ ተከራይቼ ነው» አለ ወልደሰማያት በሹክሹክታ።

«የተከራየ አይገፋም የሚል ሕግ የለም።»

የራሱ ደንብ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ ይፈልግ ነበር። ወረደ። ጋቢውን ተከናንቦ በገመቹና በጠይባ መካከል ትከሻውን ለመኪናዋ ሰጠ። «በል ሆ!» ገፉ። «በል ሆ!» ጎማው ዞሮ ጭቃውን ፊታቸው ላይ ረጨው። ገመቹ ዓይኑን ሊጠርግ ባትሪውን ሲያበራ መብራቱ ጋቢው ውስጥ ገባ።

ሁሉም እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሣ። ሞተሯ ራሱ ጠፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምድር ተከፍታ ብትውጠው በተመኘ። ወልደሰማያት ግን ሠላሳ ዓመት ንብረት ያስረከበና የተረከበ ሰው ነው። ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደና ጮኸባቸው።

«የት ነበራችሁ? እኔ እናንተን ፍለጋ ስንከራተት!»

«ጋቢና ውስጥ?» አለች ጠይባ።

«ከጋቢና ሩቅ ይታያል!»

በዚህ መሐል ሲሃም ከታች መጣች። ጫማዋ የሚታይ አይደለም፤ ከጉልበቷ በታች ጭቃ ናት። በየተራ አየቻቸው፤ ስምንቱን አባላት፣ ሊቀመንበሩን ጨምሮ።

«ደህና አደራችሁ? እኔ ትታችሁኝ ስትበሩ አሁን ጫፍ ላይ ናችሁ ብዬ ነበር።»

«ለመኪናዋ እርዳታ እየሰጠን ነው» አለ ፋሂም።

«ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው፤ ፀሐይዋ ልትወጣ ነው። ትመጣላችሁ?»

ሁሉም መኪናዋን አዩ፤ እንዲህ ያለ ርኅራኄ በፊታቸው ታይቶ አያውቅም። አንዲት መኪና እንዴት በጭቃ ትተው ይሄዳሉ? ሲሃም ሳቀችና ብቻዋን ሽቅብ ሄደች።

ፀሐይዋ በዛፎቹ መሐል፣ ከላንድክሩዘሯ የኋላ በር በስተቀኝ በኩል ወጣች። ደህና ፀሐይ ነበረች፤ ዞሮ ያያት ግን አንድ አባቦራ ነው። ሌሎቹ አስቸኳይ ጉባኤ ላይ ነበሩ። ወልደሰማያት የኋላ መከላከያዋ ላይ ቆሞ፣ ደንቡ «ጫፍ» ይበል እንጂ የምን ጫፍ እንደሆነ እንደማይል አስረዳ። የመኪና ጫፍም ጫፍ ነው። ከዚያ ወደ ምርጫው ተገባ። ሲሃም ብትመረጥ በየወሩ ማን በእግሩ እንደወጣ ታያለች፤ ወልደሰማያት ቢመረጥ ደግሞ ማንም ማንንም አያይም። ይህን የሚያህል የጠራ መስመር በየትኛውም ጉባኤ አልተገኘም። ስምንት እጅ ወጣ። አንዱ የራሱ ነው።

«በሙሉ ድምፅ!» አለ ሊቀመንበሩ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከልቡ ነበር።

ሲሃም ስትመለስ መኪናዋ ከጭቃው ወጥታ ነበር። ምርጫውን ነገሯት። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለች፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ያኔ ነው ስምንቱም ቤት ሲገቡ የሚጠየቁት ጥያቄ ትዝ ያላቸው። ስለዚህ ወደ ታች ሲወርዱ አንድ በአንድ ተጠጓት።

«ሲሃሜ» አለ ፋሂም ቀስ ብሎ፣ «ጉድጓዱ እንዴት ነው?»

«አረንጓዴ ሐይቅ። ዳክዬ አለበት።»

ጠይባ ቆየት ብላ መጣች። «እንፋሎት አለው» አለቻት፤ «እጄን ሊልጠኝ ነበር።» ለገመቹ ደግሞ ገብስ ተዘርቶበታል፣ አጥርም አለው አለችው። ወልደሰማያት በመጨረሻ መጣ፤ እሱ እንደሌሎቹ አይለምንም።

«ለሪፖርቱ ነው። በአንቺ ዓይን እንዴት ሆኖ ታየሽ?»

«ቀይ ድንጋይ ነው ጋሼ። መሐሉ ላይ ሰባት ዝንጀሮ ተቀምጧል።»

ሰኞ ጠዋት የሊቀመንበሩ ሪፖርት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። «በጽናትና በእግራችን ብቻ» ይልና ወደ ቀዩ ድንጋይና ወደ ሰባቱ ዝንጀሮዎች ይገባል። በሻይ ሰዓት ፋሂም ስለ ዳክዬዎቹ ሲያወራ ሰሌዳውን አላነበበም ነበር። ጠይባ በሌላው ጠረጴዛ የተቃጠለ እጇን ታሳያለች። ገመቹ ገብሱ እንዳላፈራ፣ ዝናብ እንዳነሰው ይተነትናል። እስከ ምሳ ድረስ ኮሌጁ ሙሉ የየትኛው ጉድጓድ ደጋፊ እንደሆነ ይጠያየቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ማታ የተሻሻለ ሪፖርት አወጣ፤ «ጉድጓዱ ሰፊ በመሆኑ ሁሉም አለበት» የሚል። ዳክዬውን ከእንፋሎቱ እንዴት እንዳዳነው ግን አልገለጸም።

ማክሰኞ ምክትል ዲኑ አስጠራው። «አርብ የሠራተኛ ስብሰባ አለ። ስለዚህ ተራራ ገለጻ ታደርግልናለህ፤ የጂኦግራፊ መምህራኑም ይጠይቁሃል።»

ወልደሰማያት ሁለት ሌሊት አልተኛም። ወደ ጋራው ልሂድ ቢል ጉልበቱ አበጠ፤ አባቦራን ደውሎ ቢጠይቅ «እኔ መንገዱን እንጂ ጉድጓዱን ምን አውቄ? ቡና እዚያ አይበቅልም» አለው። ሐሙስ ከሰዓት የሲሃምን ቢሮ አንኳኳ። እያነከሰ ነበር የገባው፤ ጉልበቱን አየችና ወንበር ሰጠችው።

«ልጄ» አለ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። እዚያ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«ለምን እነግርዎታለሁ?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሲሃም አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሱ ገፋች። ብዙ አላሰበም። በጤና ምክንያት ሊቀመንበርነቱን ለወይዘሪት ሲሃም ማስረከቡን ጻፈ፣ ፈረመ፤ ከልማድ የተነሣ ቀንና የሰነድ ቁጥርም ጨመረበት። እሷ አነበበች፣ አጠፈች፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችው።

«እሺ» አለ ወልደሰማያት ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ። «ሐይቅ ነው? ወይስ ድንጋይ?»

«ጭጋግ ነው ጋሼ። እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ የራሴን እግር እንኳ አላየሁም። ስለ ጉድጓዱ የማውቀው እርስዎ የሚያውቁትን ያህል ነው።»

ወልደሰማያት መሳቢያውን አየ። ከዚያ የአርቡን ገለጻ አሰበ።

«እንግዲያው አርብ ገለጻውን የምታደርገው ሊቀመንበሯ ናት» አለ፣ ወንበሩን ይዞ ሲነሣ። «ይኸውልሽ፣ ዝንጀሮዎቹን እንዳትረሺ።»